የዘንዶ ጉድጓድና የልጅ ክንድ

ባለፈው ኅዳር፣ የታመሙ አጎቴን ለመጠየቅ ወደ ጎባ ስሄድ ሮቤ ላይ መኪና መቀየር ነበረብኝ። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ የሚመጣው መንገድ ዲንሾ ላይ ብርዱን በደንብ ካቀመሳችሁ በኋላ ነው ሮቤ የሚያራግፋችሁ። ሜዳው ሁሉ ስንዴ ነው፤ ኮምባይነሩ መብራቱን አብርቶ ማታም ያጭዳል። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የጎባው ሚኒባስ እስኪሞላ የሻይ ብርጭቆ ጨብጬ እጄን አሞቃለሁ።

አንድ ልጅ ከፊቴ ይመላለሳል። ቢበዛ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ማስቲካ፣ ሶፍትና ከረሜላ የደረደረበትን ካርቶን በገመድ ከአንገቱ አንጠልጥሏል። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። እያደር ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ ማስቲካ የሚገዛው የለም፣ ደንበኛ ግን ሞልቶታል። አንዱ ጎረምሳ ይመጣል፣ በጣቱ ይጠራዋል፣ ልጁ ከካርቶኑ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አውጥቶ ይሰጠዋል፣ ብሩን ይቀበላል። ብሩ ኪሱ አይገባም። መንገዱን ተሻግሮ፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ለሚጎረጉር ጎልማሳ ያስረክባል። እኔም ዘንድ መጥቶ «ሶፍት ልስጥዎት ጋሼ?» ሲለኝ እጅጌው ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ያ የጫማ ሰፊዎች ማጣበቂያ።

«ይሄ ልጅ ምንድን ነው የሚሸጠው?» አልኳት ሻይ ቀጂዋን።

«ማስቲካ ነዋ ጋሼ» አለችኝ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለአገሩ እንግዳ ነዎት መሰለኝ» አለች።

እንግዳስ አልነበርኩም። ጎባ ተወልጄ ነው ያደግሁት። ያኔ ጎባ ዋና ከተማ ነበረች፤ ባሌ ከሐረርጌ ተነጥላ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ገዥውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ሆስፒታሉም እሷ ዘንድ ነበር። ሮቤን እንደ ታናሽ እህት ነበር የምናያት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲውም የዞኑ ጽሕፈት ቤትም ሮቤ ነው፤ ታናሺቱ ታላቅ ሆናለች፣ እኛ የጎባ ልጆች እስካሁን አኩርፈናል። ለማንኛውም፣ ያንን ልጅ ከማላውቀው አገር የመጣ አድርጌ ላየው አልቻልኩም። ሥራውን አውቀዋለሁ። ሠርቼዋለሁ።

በ1978 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያን ዘመን ቡና የመንግሥት ዶላር ነበር። ገበሬው በተወሰነለት ዋጋ ለመንግሥት ያስረክባል፤ ከተፈቀደችው ጥቂት ኪሎ በላይ ይዞ ኬላ ላይ የተገኘ ሰው ቡናውም ይወረሳል፣ እሱም ይታሰራል። ጎባ ደግሞ ከሐረና ጫካ ማዶ ካለው ከደሎ መና ቡና የሚወጣባት በር ነች። ደጋው ላይ ቡና አይበቅልም፤ ቡና ጠጪው ግን ደጋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ባለበት አገር ሁሉ ብልህ ነጋዴ አይጠፋም።

የእኛ ሰፈር ብልህ «ጋሽ እገሌ» ይባሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይሄ ምፀት አይደለም። ለሰፈር ልጆች ኳስ ገዝተዋል፣ የሞተ ሰው ቤት ቀድመው ይደርሳሉ። ስድስት ልጆች መርጠው በየደብተር ቦርሳችን ሁለት ሁለት ኪሎ ቡና ይከቱልናል፤ ደብተሩ ከላይ ይሆናል። ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ልጅ ኬላውን እናልፋለን። ዘቦቹ ልጅ አይፈትሹም። ከኬላው ወዲያ ባዶውን ተፈትሾ ያለፈ የጭነት መኪና ይጠብቀናል፣ ቡናውን እንገለብጣለን፣ አንዲት ስሙኒና አንድ እፍኝ ደስታ ከረሜላ ይደርሰናል። ስድስት ጊዜ ሁለት አሥራ ሁለት ኪሎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ ሒሳቡን የሠራሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን የጓደኛዬ ቦርሳ ማንገቻ ኬላው ፊት ተበጠሰ። ቡናው ጠጠሩ ላይ ተበተነ። ዘቡ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ልጁን ክንዱን ይዞ «የማን ነው?» አለው። ጓደኛዬ አልተናገረም፤ ቀና ብሎ መኪናው አጠገብ የቆሙትን ጋሽ እገሌን ብቻ አያቸው። እሳቸውም አዩት፤ «ይሄ ደግሞ የማን ዱርዬ ነው?» ብለው ወደ መኪናው ገቡ።

ያን ሌሊት ኬላው ላይ አደረ። እናቱ በግ ሽጠው የተባለውን ከፍለው አስፈቱት፤ ከዚያም ፈርተው ገጠር ዘመድ ዘንድ ከብት ጠባቂ አድርገው ሰደዱት። ትምህርት ቤት አልተመለሰም። እኔ? እኔ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሁለት ኪሎዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ዘቡ እሱን ሲጎትት አለፍኩ። ቡናዬን መኪናው ላይ ገለበጥኩ። ከረሜላዬንም ተቀበልኩ።

የአማርኛ ተረት «በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለካበታል» ይላል። ዘንዶው ከነከሰ ክንዱ የሞኙ ነው፤ ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ልኬቱ የባለቤቱ። የልጅ ክንድ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ጠልቆ ይገባል።

ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ባነበብኩት ታሪክ ሁሉ ውስጥ ሳልፈልገው አገኘዋለሁ። የባሌን ስም በጥንት መጻሕፍት የሚፈልግ ሰው አል-ዑመሪ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። አል-ዑመሪ እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተ የደማስቆ ሰው ነው። አገራችንን አላያትም፤ ካይሮ ላይ ከዘይላዊው ሊቅ ከዐብደላህና ከሌሎች የሰማውን ነው የጻፈው። ሰባቱን የእስላም መንግሥታት ሲዘረዝር ባሌን ለምለምና አየሯ የተስማማ አገር ይላታል። እዚያው መጽሐፍ ላይ ስለ ጫት ይተርካል፤ ፍሬ የሌለው ዛፍ ነው፣ ለጋውን ቅጠል ይበሉታል፣ ልብ ያነቃል፣ እንቅልፍና ምግብ ይቀንሳል እያለ። (የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕልም በ1332 የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት ሊተክል መዛቱን ይነግረናል። ጫት ትናንት የመጣ የሚመስለው ካለ ሰባት መቶ ዓመት ሊቆጥር ነው።)

እዚያው መጽሐፍ ላይ ታዲያ አንድ ሌላ ነገር አለ። ነጋዴዎች ልጆችን ገዝተው ዋሽሉ ወደምትባል ቦታ ይወስዷቸዋል፤ እዚያ ይሰልቧቸዋል፤ ከዚያ ሐድያ አምጥተው የሚተርፉትን ያስታምማሉ፤ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የተረፈው በውድ ዋጋ ባሕር ይሻገራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የአማራው ንጉሥ ስለባን በጥብቅ ከልክሎ ሳለ ነው ይላል አል-ዑመሪ። ክልከላው ነበረ፤ ጠንካራም ነበረ። ነጋዴው ምን አደረገ? ክልከላው የማይደርስበትን ቦታ ፈለገ። ዋሽሉ የተገኘችው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዘመን የራሱ ዋሽሉ አለው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ አምስት መቶ ዓመት ልዝለል። ዐፄ ዮሐንስ በ1884 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዞች ጋር የሂዊትን ውል ሲፈራረሙ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሌላ ውል አብረው ፈርመዋል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1888፣ ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከቀይ ባሕር መውጫ ላይ ሦስት ጀልባዎች ያዘች። ውስጣቸው ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች፣ ወደ ዐረብ ገበያ የሚጓዙ። ኤደን አወረዷቸው። በ1890 ከእነሱ 64ቱ ደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰዱ።

የላቭዴል ልጆች ታሪክ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ጠየቋቸው። እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጠው የት ተወለድክ፣ ማን ወሰደህ፣ በስንት ሸጠህ፣ ከዚያስ ማን እጅ ገባህ ብለው መዘገቡ። ደቡብ አፍሪካዊቷ የታሪክ ሰው ሳንድራ ሮዎልት ሼል ያንን መዝገብ መርምራ በ2018 መጽሐፍ አሳትማለች። ሰው ባሪያ ፈንጋይ ሲባል በፈረስ የሚጋልብ፣ ጎራዴ የታጠቀ አረመኔ ይታየዋል። እንዲህ ያለውም አለ። ግን ከልጆቹ አንደበት የሚወጣው ከዚያ የተራ ነው፤ አንዱ ከብት ሲጠብቅ ይነጠቃል፣ ሌላው በራብ ጊዜ በእህል ይለወጣል፣ ሌላዋን የምታውቀው ሰው ይሸጣታል። ባሕር እስኪደርሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ እጅ ትንሽ አትርፎ ያስተላልፋል። የመጨረሻው ሻጭ የመጀመሪያውን አያውቀውም። ባለቤት የሌለው ወንጀል ማለት ይሄ ነው።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። ላቭዴል ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች፣ አግብታ ወለደች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው ምሁር ነው። ስታረጅ ቤተሰቡ የማያውቀውን ቋንቋ ለብቻዋ ታነበንብ ነበር አሉ። ልጆቹ አያቴ ምን ሆነች ብለው ሲጠይቁ ከእግዜር ጋር እያወራች ነው ይባሉ ነበር። ኦሮምኛ ነበር።

ወደ ቅጠሉና ወደ ዕፁ ልመለስ።

ሰው ልጆች በሱስ ተበላሹ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ቅጠሉን ማገድ ነው። ታሪኩ ግን ያን ያህል አያበረታታም። እንግሊዞች በ1957 (እ.ኤ.አ.) ኤደን ላይ ጫት ከለከሉ። ያኔ ጫቱ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ነበር የሚገባው። ቃሚው ምን አደረገ? ከቅኝ ግዛቱ ወሰን ወጣ እያለ መቃም ጀመረ፤ ኮንትሮባንዱም ደራ፤ በዓመቱ ክልከላው ተነሣ። ዚያድ ባሬም በ1983 ሶማሊያ ውስጥ አገደው፤ ሶማሊያ ጫት መቃም አላቆመችም። እንግሊዝ አገር ደግሞ እስከ 2014 ድረስ በቀረጥ ይገባ የነበረው ጫት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሲከለከል የአገራችንና የኬንያ ላኪዎች ገበያ አጡ። እኔ ጫት ወዳጅ አይደለሁም፤ ይታገድ ወይስ አይታገድ የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየኝ። የታዘብኩት ሌላ ነው። ዕቃው በታገደ ቁጥር ዕቃውን የሚሸከም ሰው ዋጋ ይጨምራል፤ ኬላው በጠበቀ ቁጥር ተሸካሚው ያንሳል። ቁመቱን ማለቴ ነው።

አጎቴ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ወደ አናጂና፣ ወደ ሼክ ሁሴን ደርሰዋል። እሳቸው እንደሚሉት እዚያ ጫቱ ሥርዓት ነበረው። ሽማግሌው መርቆ ያድላል፣ ሌሊቱ በዱዓና በውዳሴ ያልፋል፣ ልጅ ውኃ ያቀርባል፣ ዕጣን ያጨሳል እንጂ አይታደለውም። አሮጌውን ዘመን ማሳመር የሽማግሌ ልማድ ስለሆነ የተወሰነውን ቀንሼ ነው የሰማኋቸው። የሆነ ሆኖ ያ ሥርዓት ከገበያው ጋር አብሮ አልመጣም። እኛ ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ «አልቃይዳ» እያልን የምንጠራው አይሱዙ ጫት ጭኖ ሲከንፍ ምርቃት አልጫነም።

ስለ ካናቢስ ሲነሳ ደግሞ ጣት ሁሉ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ጃማይካ ሰፈር ይቀሰራል። ነገሩ ቀላል ስለሚመስል ነው። ንጉሡ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ለጥቁር ሕዝቦች አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፣ ራስተፈሪያኖች መጡ፣ ዕፁም መጣ፤ አለቀ። ራስተፈሪያኑ ዘንድ ማጨስ የእምነታቸው አካል መሆኑ አይካድም። ግን ከማሳ ነቅሎ፣ አድርቆ፣ በጆንያ አስሮ፣ በልጅ ኪስ ከከተማ ከተማ የሚያዘዋውረው ንግድ እምነትም ዜግነትም የለውም። ጣታችን ወደ ጠጉሩ ሲቀሰር ባጃጅ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ያለ ሐሳብ ጥርሱን ይጎረጉራል።

ማስቲሹማ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሕገ ወጥ አይደለምና። በ1961ና በ1971 ዓለም የተፈራረመባቸውን የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነቶች ዝርዝር ብታነብቡ ማስቲሽ የሚል አታገኙም። ከሱቅ ይገዛል። ራብን ያስረሳል፣ ብርድን ያስረሳል። ሮቤ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጎባ ከዚያም ትብሳለች፤ ኅዳር ሌሊት በረንዳ ላይ ያደረ ልጅ ለምን እንደሚስበው ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ልጁን የሚያሠራውም ሰው ይህን ያውቃል። ደመወዝ ከመክፈል ማስቲሽ መግዛት ይረክሳል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሊወድቅ ልክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው! በዚያ ግርግር ማን እንዳስታወሰው እንጃ፤ ግን ተቀበለች። የስምምነቱ 33ኛ አንቀጽ መንግሥታት ልጆችን ከአደንዛዥ ዕፅ፣ ዕፁን በማምረትና በማዘዋወር ሥራም ከመሰማራት እንዲጠብቁ ያዛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው 182ኛ ስምምነት ልጅን ለዕፅ ዝውውር ማሠማራትን ከአስከፊዎቹ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛዎች አንዱ ይለዋል፤ ኢትዮጵያ በ2003 አጽድቃዋለች። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በ525ኛው አንቀጽ አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርተውንና የሚያዘዋውረውን፣ እያወቀ ቤቱን ለዚህ የሚሰጠውንም ይቀጣል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን 32ኛው አንቀጽ ነው። በተራ አማርኛ ሲነገር፣ ኃላፊነት የሌለበትን ሰው፣ ልጅን ወይም አእምሮው የታወከን፣ መሣሪያ አድርጎ ወንጀል የሚያሠራ ሰው ራሱ ዋናው ወንጀል አድራጊ ነው። እጁ ዕቃውን ባይነካም። ተረቱን ሕግ አደረጉት ማለት ነው፤ ክንዱ የልጁ ነው፣ ልኬቱ ግን የአንተ ነው። ሐሳቡ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ባረቀቀው፣ ነበረ። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው በልዩ ሁኔታ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም እንደ አዋቂ ይከሰሳል። የ16 ዓመት ልጅ ከአገሩ ስምምነት ፊት ሕፃን፣ ከችሎት ፊት አዋቂ ነው። ይህችን ክፍተት ከሕግ ባለሙያ ቀድሞ የሚያውቃት ማን እንደሆነ ገምቱ።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሳወራላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው አዳመጡኝ። ሰላሳ ዓመት በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ አንቀጹን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ሰላሳ ዓመት መዝገብ ስከፍት ግን ባለ ጫማ አዘዋዋሪ የመጣበትን ቀን አላስታውስም። ሁሉም እግሩ አቧራ ነው። ባለቤቱ ማነው ሲባል፣ አላውቀውም ይላል። እውነቱን ነው፤ አያውቀውም።»

ከዚያ አንዲት የሰፈራቸውን አሮጊት አነሱብኝ። ባል የሞተባቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት። አንድ ጨዋ የሚመስል ወጣት «ተማሪ ነኝ እማማ» ብሎ ሰርቢሷን ተከራየ። የሁለት ወር ቅድሚያ ከፈለ፤ ስኳርም ዘይትም ይዞ ይገባ ነበር። በሦስተኛው ወር ሌሊት የሚመጣው ሰው በዛ፣ ትንንሽ ልጆችም ያድሩ ጀመር። ውጣ ሲሉት አልወጣ አለ፤ ለፖሊስ እናገራለሁ ሲሉት «ቤቱ የማን ነው?» ብሎ ሳቀባቸው። የመጣው ፖሊስ ያገኘው እሳቸውንና ሁለት ልጆችን ነው። ወጣቱ ከዚያ ቀን በፊት ወጥቷል። አሮጊቷ እንዳላወቁ ለማስረዳት አራት ወር ፈጀባቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

እንግሊዞች ለዚህ ሥራ ስም አውጥተውለታል፤ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ በምትጥል ወፍ ስም ይጠሩታል። ከለንደን፣ ከሊቨርፑልና ከበርሚንግሃም የሚነሱ የዕፅ ቡድኖች አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች በባቡር ወደ ትንንሽ የገጠር ከተሞች ይልካሉ። ልጁ የአንድ በሽተኛ ወይም አቅመ ደካማ ቤት ገብቶ እዚያ እየኖረ ይሸጣል። ትእዛዙ የሚመጣው በአንዲት የስልክ መስመር ነው፤ ነገሩንም «ካውንቲ ላይንስ» የሚሉት ለዚህ ነው። ያን ያህል ካሜራና ያን ያህል ፖሊስ ያለበት አገር ዓመታት ያሰረው ልጆቹን ነበር። ቆይተው በ2015 ባወጡት ሕግ ተጠቅመው ነገሩን እንደ ሰው ንግድ መክሰስ ጀመሩ። በ2018 ልጆችን ሊንከን ወደምትባል ከተማ ልኮ ያሠራ የበርሚንግሃም ሰው 14 ዓመት ተፈረደበት። ከዚህ ፍርድ የገረመኝ የዓመቱ ብዛት አይደለም። መርማሪዎቹ የጀመሩት ከጠፋ ልጅ ነው። ይሄ ልጅ ከቤቱ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ ምን ይሠራል ብለው ወደ ኋላ፣ ወደ ስልኩ ባለቤት ተጓዙ። ለላቭዴል ልጆች የቀረበው ጥያቄ ነው፤ ማን ወሰደህ፣ ከዚያስ ማን እጅ ገባህ?

ይህም ቢሆን እንከን አላጣውም። ያ ሕግ ተገዶ ወንጀል ለሠራ ልጅ መከላከያ ይሰጣል፤ የእንግሊዝ ፖሊሶች ታዲያ ቡድኖቹ ያንን መከላከያ ለልጆቹ እያስጠኑ ይልኳቸዋል ብለው አቤት ብለዋል። ዘንዶው ሕግም ያነባል።

በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አዋጅ ሲወጣ አልኮልና ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ሺሻም ታግዷል። ጥሩ ነው። አንቀጹ ለማን እንደማይሸጥ ይነግረናል። ማን እንዲሸጥ እንደሚላክ ግን ባለ ካርቶኑን ልጅ የሚጠይቀው ሲኖር ነው የሚታወቀው። እሱን መጠየቅ ደግሞ ማሰር እንዳልሆነ ልጁ ማመን አለበት፤ ኬላ ላይ ያደረው ጓደኛዬ አፉን ያልከፈተው ጋሽ እገሌን ወዶ ብቻ አይደለም። ዘቡን ስለፈራ ነው።

ስለ ጓደኛዬ አጎቴን ጠየቅኋቸው። «አለ» አሉኝ። «ስንዴ ያርሳል። ልጆቹን ሁሉ አስተምሯል።» ሄጄ ላየው ፈልጌ ነበር። ምን እላለሁ ብዬ ሳሰላስል ሁለቱ ቀን አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሮቤ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ያወረደኝ እዚያው ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነው። ባጃጇ ቦታዋ ላይ ቆማለች፤ ሰውዬው ግን የለም። ልጁን በዓይኔ ፈለግሁት። ያው ካርቶን፣ ያው ሶፍት፣ ያው ገመድ መጣ፤ የያዘው ግን ሌላ ልጅ ነበር፣ ከመጀመሪያው በጣም የሚያንስ። ገመዱ ስለረዘመበት ካርቶኑ ጉልበቱን እየመታው ነው የሚራመደው።

«የትናንት ወዲያው ልጅስ?» አልኳት ሻይ ቀጂዋን።

«የቱ ልጅ?» አለችኝ፤ ብርጭቆውን እያለቀለቀች።